ወንበር ላይ የተቀረጸ ምርቃት

የሌሊት ወፍን አልጋው ራስጌ ላይ የሚያስቀርጽ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ስሟ አያምርም። ወፍ ናት እንዳይሏት ጡት ታጠባለች፣ አይጥ ናት እንዳይሏት ትበራለች። ቤት ከገባች መጥረጊያ ይነሣባታል። ቻይኖች ግን በሙሽራ አልጋ፣ በንጉሥ ዙፋን፣ በቁም ሳጥን በር ላይ ሲቀርጿት ኖረዋል። አንዳንዴ ብቻዋን፣ አንዳንዴ አምስት ሆነው ክብ ሠርተው፣ አንዳንዴም ተዘቅዝቃ።

ነገሩ ያለው ድምፁ ላይ ነው። በቻይንኛ የሌሊት ወፍም "ፉ" ናት፣ መልካም ዕድልም "ፉ" ነው። ስለዚህ ወፏን ቤት ውስጥ መቅረጽ ዕድልን በስሙ መጥራት ነው። "ተገለበጠ" እና "ደረሰ" የሚሉት ቃላትም በድምፅ ስለሚመሳሰሉ፣ የተዘቀዘቀችው ወፍ "ዕድል መጣ" ትላለች። አምስቱ ደግሞ ከጥንት መጽሐፋቸው የተወሰዱት አምስቱ በረከቶች ናቸው፦ ረጅም ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤናና ሰላም፣ በጎ ምግባርን መውደድ፣ አምስተኛው ዕድሜን ጨርሶ በደህና መሞት። አምስተኛው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። አያቴ ማታ ማታ "አሟሟቴን አሳምርልኝ" ሳትል አትተኛም ነበር። አንድ የቻይና አናጺ ያንኑ ጸሎት በመሮ ጽፎታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ይህን ቀረጻ ጌጥ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ምርቃት ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ ክረምቱ ሰውን ቤት ይዘጋበታል። ሙዚየም ግን ይሞቃል፤ የሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ተቋም ደግሞ መግቢያ አያስከፍልም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሙዚየሙ የቻይና የቤት ዕቃ በብዛት አለው። ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ አይደለም፤ እንዳሉ ከቻይና ተነቅለው የመጡ ክፍሎችም አሉ። አንደኛው በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ1368 እስከ 1644) መጨረሻ የተሠራ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ነው፣ ሌላኛው በ1797 የተሠራ የምሁር ማንበቢያ ክፍል ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) እንግዲህ እኔና የቻይና ወንበር የተዋወቅነው በብርድ ምክንያት ነው።

ምርቃቱን ማንበብ ከተለመደ፣ ሚንግን በተካው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በደንብ የተቀረጸ አንድ ቁም ሳጥን ፊት መቆም ሽማግሌ የሞላበት ሰርግ ቤት እንደመግባት ነው። ከየአቅጣጫው ይወርድብሃል። ዓሣው "ይትረፍረፍልህ" ይላል፤ ስሙ ከትርፍ ጋር አንድ ነውና። አጋዘኑ ሹመትና ደመወዝ ይመኝልሃል፤ እሱም በድምፅ ነው። የአበባ ማስቀመጫው "ሰላም ሁን" ይላል። ኮክ ግን በድምፅ ሳይሆን በአፈ ታሪክ ነው የሚመርቀው፤ የማይሞቱት የሚበሉት ፍሬ ስለሆነ ዕድሜ ነው። ሮማን ሁልጊዜ ተሰንጥቆ፣ ፍሬው እየታየ ነው የሚቀረጸው። ለምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ "ዘርህ ይብዛ" ነው።

ሮማኑ አልጋ ላይ ያመዝናል፤ ደግሞም ቦታው ነው። ባለ ጣሪያው የቻይና አልጋ ቤት ውስጥ ያለ ቤት ነው። አራት ወይም ስድስት ቋሚ አለው፣ ዙሪያውን በተፈለፈለ እንጨት ይታጠራል፣ መጋረጃ ይወርድለታል። ሀብታም ቤተሰብ ልጁን ሲድር አብሯት የሚልከው ትልቁ ዕቃ ነበር። አጥሩ ላይ ቺሊን የሚባለው ደግ አውሬ ይገኛል፤ ሰውነቱ ቅርፊት አለው፣ እግሩ ሰኮና አለው፣ ሲመጣም ወንድ ልጅ ይዞ ይመጣል ይባላል። በነገራችን ላይ በ1414 ከቤንጋል ንጉሥ ለሚንግ ቤተ መንግሥት ቀጭኔ በስጦታ ተልኮ ነበር። ያዩአት ሰዎች "ቺሊን በአካል መጣ" አሉ። ቀጭኔዋ እንግዲህ የእኛው የአፍሪካ ልጅ ናት፤ ምን ብለው እንደተቀበሏት ብትሰማ ትደነግጥ ነበር።

ዘንዶ ግን ለሁሉም አይደለም። ባለ አምስት ጥፍሩ የንጉሠ ነገሥቱ ነው። ልዑላንና ባለሥልጣናት ባለ አራቱን ይጠቀማሉ። ሌላው ባለጸጋ ቤቱ ውስጥ ዘንዶ ከፈለገ ቀንድ የሌለው፣ ጅራቱ እንደ ሐረግ የሚጠመዘዝ አንድ ለስላሳ ዘንዶ አለለት። በሚንግ ወንበሮች መደገፊያ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚታየው እሱ ነው። አስፈሪ አይደለም። እንዲያውም ድመት ድመት ይለኛል።

ደንቡ በቅርጹ ብቻ አያበቃም፣ እንጨቱንም ይጨምራል። ሄሸን የሚባል የንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ወዳጅ ነበር፤ ሙስናው አገር ያወቀው ሰውዬ። ጌታው በ1799 ሲሞቱ አዲሱ ንጉሥ ወዲያው አሰረው። ሃያ ክስ ቀረበበት። ከክሶቹ አንዱ ናንሙ በሚባለው ውድ እንጨት የቤተ መንግሥቱን አዳራሽ የሚመስል ክፍል ቤቱ ውስጥ ሠራ የሚል ነው። በራሱ እጅ እንዲሞት ተፈረደበት። ቤቱ ዛሬም ቤጂንግ ውስጥ አለ፤ ኋላ ላይ የልዑል ጎንግ መኖሪያ የሆነው ነው። ጎብኚ እየገባ ያንን ክፍል ያየዋል። ግቢውም በሌሊት ወፍ የተሞላ ነው፤ ወሬኛ 9,999 ናቸው ይላል። ለሄሸን ከአምስቱ በረከት ሀብቱ ብቻ ደረሰው፤ አምስተኛው አልሆነለትም።

አሁን ወደ እንጨቱ ልግባ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነውና።

ሁለት ስም መያዝ ይበቃል፦ ሁዋንግሁዋሊ እና ዚታን። ሁዋንግሁዋሊ የሃይናን ደሴት ዛፍ ነው። ቀለሙ ከማር እስከ ቡና ይደርሳል፣ ሲቆረጥ ይሸታል፣ ቻይኖች ልቡን ለመድኃኒትም ይጠቀሙበታል። ጉጡ ላይ ክብ ክብ ነገር ይወጣበታል፤ "የመንፈስ ፊት" ይሉታል። ዚታን ደግሞ በዋናነት ከደቡብ ሕንድ የሚመጣ ነው። ወደ ጥቁር የሚጠጋ ሐምራዊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ በጣም ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። "ከአሥር ዚታን ዘጠኙ ባዶ" የሚል አባባል አላቸው።

ይህ ሁሉ ጠንካራ እንጨት በብዛት መግባት የጀመረው ዘግይቶ ነው። የሚንግ መንግሥት የባሕር ንግድን ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ቆይቶ በ1567 ፈቀደ። ከዚያ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ መርከብ እንጨት ይዞ መጣ። ቀድሞ የትልቅ ሰው ቤት ዕቃ በአብዛኛው በላከር፣ ማለትም ከዛፍ ፈሳሽ በሚሠራ የሚያብረቀርቅ ቀለም የተለበጠ ነበር፤ ከሥሩ ያለው እንጨት አይታይም። አሁን ግን እንጨቱ ራሱ የሚታይ ሆነ። የሱጆ ከተማ ባለጸጎች ቀለም ሳይሆን የእንጨት መስመር ማየት አማራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀረጻው ብዙ ወይም ጥቂት እንዲሆን የሚወስነው የሰው ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ እንጨቱም አፍ አለው። ሁዋንግሁዋሊ በራሱ ሥዕል ነው። መሮ ካበዛህበት መስመሩን ትገድለዋለህ። ስለዚህ የሚንግ አናጺ መደገፊያው ላይ የመዳፍ ያህል ክብ ነገር ቀርጾ ያቆማል። ዚታን ግን ጥቁር ነው፣ መስመሩ እምብዛም አይታይም። ዝም ያለ እንጨት ነው። እንዲናገር ካስፈለገ መቀረጽ አለበት። ደግሞ ቅንጣቱ ደቃቅና ጥብቅ ስለሆነ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ይይዛል፣ ጠርዙ አይፈርስም። ስለዚህ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቺያንሎንግ ለቤተ መንግሥታቸው ዚታን ሲመርጡ፣ ቀረጻው ዕቃውን መውረሱ አይቀርም ነበር።

ቀራጩ ቅርጹን አይለጥፍም። በዙሪያው ያለውን እንጨት ዝቅ እያደረገ ቅርጹ ራሱ ከፍ ብሎ እንዲቀር ያደርጋል። አንድ የተሳሳተ ምት ካረፈ መመለሻ የለም። ከዚያ ማለስለሱ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የለም፤ ግንዱ ሻካራ የሆነ ተክል አለ፣ በእሱ ይፈትጉታል። መጨረሻ ላይ ሰም።

አናጺውስ? እሱ ሌላ ሰው ነው፤ ቀራጭና አናጺ ሙያቸው የተለየ ነበር። የእሱ ኩራት ሚስማር አለመንካት ነው። አንዱ እንጨት ጫፉ ላይ ምላስ ይወጣለታል፣ ሌላው ልኩ ይቦረቦርለታል፣ ይገባሉ፣ አለቀ። ሙጫም ቢኖር ትንሽ ነው። የጠረጴዛው ገበታ ማዕቀፉ ላይ አይጣበቅም፤ ቦይ ውስጥ ገብቶ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ ልቅ ከሆነ ማዕቀፉን ሳይሰነጥቅ ይንቀሳቀሳል። ቤቴ ማሞቂያው ጥር ላይ ሲያንደቀድቅ በሙጫ የተጣበቀው የእኔ ጠረጴዛ እንዴት እንደተሰነጠቀ ስላየሁ፣ ይህ ብልሃት ይገባኛል።

ሙያው ንጉሥም አስቶታል። ከ1620 እስከ 1627 የነገሠው ቲያንቺ መጋዝና መላጊያ ከእጁ አይጠፋም ነበር ይባላል። ታሪክ ጸሐፊዎቹ እንደሚሉት ዌይ ጆንግሺያን የተባለው ጃንደረባ ጉዳይ ይዞ የሚገባው ሆን ብሎ ንጉሡ ሥራ ላይ ሲሆን ነው። ንጉሡም "አንተው ጨርሰው" ይለዋል። ጃንደረባውም ጨረሰው! ንጉሡ ገና በ21 ዓመቱ ሞተ፣ ከ17 ዓመት በኋላ ሥርወ መንግሥቱም ወደቀ። ይህን የጻፉት ሰዎች ጃንደረባውን ስለሚጠሉ ትንሽ ቅመም ሳይጨምሩበት አልቀሩም። ግን ደስ ይላል።

እውነቱን ለመናገር የቺንግን ዚታን አልወደውም። አከብረዋለሁ። እጅ ያደክማል፣ ዓይን ያደክማል። ከጓንግጆ የመጡት የቤተ መንግሥት አናጺዎች ከአውሮፓ የመጣ ቅጠልና አበባ ሁሉ ሳይቀር አስገብተውበታል። ከደመናው ዘንዶ፣ ከዘንዶው ሞገድ፣ ከሞገዱ የሌሊት ወፍ። ባዶ ቦታ የለም። ምርቃት ሲበዛ "አሜን" የሚባልበት ፋታ ያጥራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለፈረንጅ ገበያ የተሠሩት የዘንዶ ወንበሮች ደግሞ ጭራሽ ለመቀመጥ አይደሉም፤ ጀርባ ይወጋሉ።

ግን "ሚንግ ንጹሕ፣ ቺንግ ጩኸት" የሚለው ፍርድ ከየት መጣ? ከእኔ አይደለም። ጉስታቭ ኤከ የተባለ ጀርመናዊ በ1944 ቤጂንግ ውስጥ ስለ ቻይና የቤት ዕቃ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመርና ባዶ ግድግዳ ዘመናዊነት ሆኖ ነበር። የሚንግ ወንበር ለዚያ ዓይን ልክ ሆኖ ተገኘ። የሚንግ ሰው ራሱ ግን እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ጥልፍ ያለበት ሐር ያለብሰው ነበር! ያ እርቃኑን የምናደንቀው ወንበር በበዓል ቀን እንደ ሙሽራ ለብሶ ነው የሚቀመጠው። ሐሩ አለቀ፣ እንጨቱ ቀረ፣ እኛ ደግሞ "እንዴት ያለ ቁጥብነት!" እንላለን።

ያም ሆኖ አቋሜ አልተቀየረም። ምክንያቴ ደግሞ የወንበሩ እግር ነው።

የሚንግ ወንበር አራቱን እግሮች የሚያያይዙ አራት አግዳሚዎች አሉት። ቁመታቸው እኩል አይደለም። የፊተኛው ዝቅ ያለ ነው፣ እግር ይረገጥበታል። የጎኖቹ ከፍ ይላሉ። የኋላው ከሁሉም ይበልጣል። መጀመሪያ ምክንያቱ የአናጺ ነው፤ አግዳሚዎቹ በእኩል ቁመት ከገቡ ቀዳዳዎቹ እግሩ ውስጥ አንድ ቦታ ይገናኙና እግሩን ያዳክሙታል። ከፍና ዝቅ ካደረጋቸው እግሩ ጥንካሬው አይጎዳም። ግን አናጺዎቹ ለዚህ አሠራር ያወጡለት ስም "ደረጃ በደረጃ ከፍ በል" ነው። ተቀማጩ በሹመት እያደገ እንዲሄድ የሚመኝ ስም። ምንም አልተቀረጸም። ዘንዶ የለም፣ ኮክ የለም። ምርቃቱ ወንበሩን የሚያቆመው ነገር ራሱ ሆነ። ሙዚየም ገብታችሁ እንዲህ ያለ ወንበር ካያችሁ ጎንበስ ብላችሁ የፊቱን አግዳሚ እዩት። ብዙ ጊዜ መሀሉ በእግር ተበልቶ ሰርጉዷል። ዘበኛው ጎንበስ ስትሉ ቢጠጋችሁ አትደንግጡ፤ እኔን ለምደውኛል።

ይህን ሁሉ በወጉ ጽፎ ያስቀመጠው ዋንግ ሺሻንግ ነው። በ1914 ቤጂንግ ውስጥ ከደህና ቤተሰብ ተወለደ፣ በልጅነቱ እርግብና ፌንጣ ሲያሳድድ ያደገ ሰው ነው። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ አሮጌ የቤት ዕቃ በየሰፈሩና በየአሮጌ ዕቃ ተራው ይፈልግ ነበር። በዚያ ጊዜ የሁዋንግሁዋሊ ጠረጴዛ ዋጋ የለውም። እየተፈታ የሚዛን ዘንግና የመቁጠሪያ ሰሌዳ ይሠራበት ነበር። ዋንግ ደመወዙን እዚያ ላይ ጨረሰ። ቤቱ ሞላ፣ ከዚያም ተጨናነቀ። በ1952 በሙስና ዘመቻ ተይዞ ታሰረ፤ ምንም ስላልተገኘበት ተለቀቀ፣ ሥራውን ግን አጣ። የባህል አብዮቱ በ1966 ሲጀመር ዕቃውን ቀይ ዘቦች የሚባሉት ወጣት አብዮተኞች ከሚሰባብሩት ብሎ ራሱ ሄዶ "ውሰዱልኝ" አለ። በኋላ አብዛኛው ተመለሰለት። በ1976 የታንግሻን የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ግን የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ለመተኛት ፈራና አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን ውስጥ አነጠፈ። ወዳጆቹ ግጥም ጽፈው ቀለዱበት።

መጽሐፉ በ1985 ወጣ። ያኔ ዓለም ሁሉ ነቃ። ሻጩም፣ ሌባውም፣ አስመስሎ ሠሪውም ነቃ። በ1993 የዋንግ 79 ዕቃዎች ወደ ሻንጋይ ሙዚየም ገቡ፤ አንድ የሆንግ ኮንግ ቤተሰብ ገዝቶ ነው ያበረከታቸው። ከገበያ በታች ሸጠ፣ ለራሱ አንዲት ወንበር እንኳ አላስቀረም፣ በገንዘቡም አፓርታማ ገዛ። በ2009 እስኪያርፍ ድረስ ቁጭት ነበረበት የሚል ነገር አላነበብኩም።

ዋጋው ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። በ2009 ሆንግ ኮንግ ላይ የቺያንሎንግ ዘመን የዚታን ዙፋን ከ85 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ተሸጠ። በ2015 ኒው ዮርክ ላይ አራት የሁዋንግሁዋሊ ክብ መደገፊያ ወንበሮች 9.7 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ አወጡ። ለአራት ወንበር! በነፍስ ወከፍ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አሮጌውን መግዛት አይችልም። አዲሱን ግን ይፈልጋል። የቻይና መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ሆንግሙ፣ ማለትም "ቀይ እንጨት" ሳሎኑ ውስጥ ማየት ፈለገ። መንግሥት በ2000 ሆንግሙ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ደረጃ አወጣ፤ 33 ዝርያዎች ተዘረዘሩ። አብዛኞቹ ቻይና ውስጥ አይበቅሉም። ከበርማ፣ ከላኦስ፣ ከማዳጋስካር፣ ከምዕራብ አፍሪካ ይመጣሉ። ደኖቹ ምን እንደሆኑ መገመት አይከብድም። በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ሀገሮች ተሰብስበው ዳልበርጂያ የሚባለው የሮዝውድ ወገን በሙሉ ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር ወሰኑ። ቀረጻውን ደግሞ ዛሬ በአብዛኛው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ይሠራዋል። አምስቱ የሌሊት ወፎች አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ።

ከ33ቱ ውስጥ አንዱ ዞጲ ነው። አዎ፣ የእኛው፤ በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በሁመራና በመተማ አካባቢ የሚበቅለው። ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚወጣው ወደ ክላሪኔትና ኦቦ ሠሪዎች ይሄዳል። ጥቁር ነው፣ ጠማማ ነው፣ ለማደግ አይቸኩልም፤ ከዚታን ጋር የሚያመሳስለው ብዙ ነገር አለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አናጺ ጓደኛዬን ስልክ ደውዬ በዞጲ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"አንድ ጊዜ ዱላ አሠሩኝ" አለኝ። "መጋዜን በላው። መሮዬንም በላው። ዋጋ ጨምሩ ብል እንቢ አሉኝ። ምነው፣ የሚያሠራ ሰው አገኘህ እንዴ?"